ቤቱን ካሸጋችሁ እሳት አታስገቡ

በብርድ ወቅት ነዳጅና መብራት ሲቋረጥ ቤተሰብን እንዴት እንጠብቃለን?

ቴክሳስ ምን ደረሰባት?

የካቲት 8 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2021) ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ አብዛኛውን የቴክሳስ የኤሌክትሪክ መረብ የሚቆጣጠረው ኤርኮት የተባለው ተቋም መብራት እንዲቋረጥ ትእዛዝ ሰጠ። ብርዱ በርትቶ የኃይል ማመንጫዎች ተራ በተራ እየቆሙ ነበር። ትእዛዙ ባይሰጥ ኖሮ መረቡ ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይወድቅ ነበር። ችግሩ በበረታበት ሰዓት የተቋረጠው ኃይል 20,000 ሜጋዋት ደርሷል። ይህ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሙሉ አቅም አራት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች ጨለማ ውስጥ ገቡ፤ አንዳንዶቹ ለቀናት መብራት አላዩም። ዳላስ ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ነበር።

የቴክሳስ የጤና መሥሪያ ቤት በኋላ ባወጣው መረጃ በዚያ የብርድ ማዕበል ምክንያት 246 ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ 161ዱን የገደላቸው ብርዱ ራሱ ነው። 19ኙ የሞቱት በካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ታፍነው፣ 10ሩ ደግሞ በእሳት አደጋ ነው። ሂውስተን ውስጥ በጋዙ ከሞቱት መካከል ከኢትዮጵያ የሄዱ ወገኖቻችን ይገኙበታል።

ይህን ማብራሪያ ስጽፍ እነዚያ 19 ሰዎች ከሐሳቤ አይወጡም። አብዛኞቹ ራሳቸውንና ልጆቻቸውን ከብርድ ለማዳን ሲሞክሩ የሞቱ ናቸውና። መኪና አስነስተዋል፣ ከሰል አቀጣጥለዋል፣ ጄኔሬተር አስጠግተዋል። ሙቀት ፍለጋ የሄዱበት መንገድ ነው ያጠፋቸው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከሁሉ አስቀድማችሁ እንድትይዙልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ማሸግና ማንደድ አብረው አይሄዱም። ክፍሉን ካሸጋችሁ እሳት አታስገቡ፤ እሳት ካለ ደግሞ ጭሱ በራሱ መንገድ ወደ ውጭ መውጣት፣ አዲስ አየር መግባት አለበት።

ጋዝ በሞላበት አገር ጋዝ ለምን ጠፋ?

ቴክሳስ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ በተፈጥሮ ጋዝ ምርት አንደኛ ናት። ታዲያ እንዴት አጠራት?

ከጉድጓድ የሚወጣ ጋዝ ውሃ ይዞ ነው የሚመጣው። ብርዱ ሲበረታ ይህ ውሃ በጉድጓዱ አፍና በቧንቧው ውስጥ በረዶ ይሆንና መስመሩን ይዘጋል። የግዛቲቱ የጋዝ ምርት በእነዚያ ቀናት ወደ ግማሽ ገደማ አሽቆለቆለ። በጋዝ የሚሠሩት የኃይል ማመንጫዎች ነዳጅ ሲያጡ ቆሙ፤ ሌሎቹም መሣሪያቸው ራሱ በረዶ ሠርቶ ቆመ። መብራት ሲቋረጥ ደግሞ ጋዙን ከሚገፉት መጭመቂያዎች መካከል በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ቆሙ። ብዙዎቹ «ይህ መስመር እንዳይቋረጥ» ተብለው አልተመዘገቡም ነበር። ጋዝ ሲጎድል መብራት ጠፋ፣ መብራት ሲጠፋ ጋዝ ይበልጥ ጎደለ። የቴክሳስ መረብ ከጎረቤት ግዛቶች መረብ ጋር ያለው ግንኙነት በጣም ጠባብ በመሆኑ የጎደለውን ከሌላ ቦታ ማምጣትም አልተቻለም። ከምዕራቡ መረብ ጋር የተያያዘችው ኤል ፓሶ ግን ያንን ሳምንት ብዙም ሳትጎዳ አለፈችው።

ነዳጅ በጦርነትም ያጥራል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከሩሲያ ይመጣ የነበረው ጋዝ ሲቀንስ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ፍጆታቸውን በ15 በመቶ ለመቀነስ ተስማሙ። ጀርመንም የመንግሥት ቢሮዎች ከ19 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቁ ደነገገች። በዚያ ክረምት ፍራንክፈርትና ሙኒክ ያሉ ወገኖቻችን ስለ ማሞቂያ ሂሳብ ሲጨነቁ ከረሙ።

ለቤተሰብ የሚጠቅመው ትምህርት ይህ ነው፤ ብርዱ ጫፍ ሲደርስ መብራት፣ ጋዝና ውሃ ተያይዘው ሊጠፉ ይችላሉ። «መብራት ቢጠፋ በጋዝ እሞቃለሁ» ብሎ መተማመን አያስተማምንም። የጋዝ ማሞቂያው ሙቀቱን በየክፍሉ የሚያደርስበት ማራገቢያ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራውና መብራት ሲጠፋ ጋዝ እያለም ቤቱ ይቀዘቅዛል። ቤንዚን ማደያውም ነዳጁን የሚቀዳው በኤሌክትሪክ ነው። መጠባበቂያ የሚባለው ከብርዱ በፊት እቤት የገባው ብቻ ነው።

መጀመሪያ፣ ያለውን ሙቀት መያዝ

ብዙ ሰው መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያስበው «ምን ላንድድ?» ብሎ ነው። ቀድሞ መምጣት ያለበት ጥያቄ ግን «ሙቀቱ በየት እየወጣ ነው?» የሚለው ነው። በሚያፈስ ቤት ውስጥ ማንደድ በቀዳዳ ጀሪካን ውሃ እንደ መቅዳት ነው።

የሚያፈሰውን ቦታ ለማግኘት ነፋስ ባለበት ቀን ጧፍ ለኩሱና መጋረጃውን ገለል አድርጋችሁ በመስኮቱ ጠርዝ ዙሪያ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ከቆመ ደህና ነው። ወደ አንድ ወገን ከተጎነበሰ ወይም መንቀጥቀጥ ከጀመረ በዚያ በኩል አየር ይገባል። በበር ሥር፣ በሶኬት ዙሪያ፣ ቧንቧ ግድግዳ በሚበሳበት ቦታም ሞክሩት። ያገኛችሁትን ክፍተት በጨርቅ፣ በስፖንጅ ወይም በማሸጊያ ፕላስተር ድፈኑ። በበሩ ሥር ፎጣ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ነዳጅ የሚያነድ መሣሪያ ያለበትን ክፍል ግን አትንኩ፤ የዚህን ምክንያት ወረድ ብለን እናየዋለን።

ቀጥሎ አንድ ክፍል ምረጡ። ጠበብ ያለ፣ መስኮቱ ጥቂት፣ ቢቻል ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። ቤተሰቡ በሙሉ እዚያ ይሰብሰብ፤ የሌሎቹ ክፍሎች በር ይዘጋ። ፀሐይ ስትወጣ መጋረጃውን ክፈቱ፣ ልክ ስትጠልቅ ዝጉ። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ ወለሉ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ከሆነ ምንጣፍና ፍራሽ አንጥፉ።

አንድ አዋቂ ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ከሰውነቱ ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያመነጫል። አምስት ሰው በአንድ ጠባብ ክፍል ሲቀመጥ 500 ዋት ይሆናል፤ ይህ የአንድ ተራ የኤሌክትሪክ ሂተር ሲሶ ነው። ነዳጅ አይፈልግም፣ ጭስ የለውም፣ አያልቅም። አፓርትመንት ተከራይታችሁ የምትኖሩ፣ ምድጃም ጄኔሬተርም ማስቀመጥ የማይፈቀድላችሁ ወገኖች ትልቁ መሣሪያችሁ ይህ ነው።

ልብስም እንዲሁ ነው። አንድ ወፍራም ካፖርት ከመደረብ ሦስት ሳሳ ያሉ ልብሶችን መደራረብ ይሻላል፤ ሙቀቱን የሚይዘው በመካከላቸው የሚቀረው አየር ነውና። ጋቢ አጥፎ መከናነብ የሚያሞቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። የረጠበ ካልሲና የውስጥ ልብስ ወዲያው ይቀየር።

እሳት ሲነድ ምን ይፈጠራል?

እንጨት፣ ከሰል፣ ቤንዚን፣ ላምባ፣ ፕሮፔን፣ ሁሉም ሲነዱ ከአየር ኦክስጅን ይወስዳሉ። በቂ አየር ካላገኙ ወይም ነዳጁ እንደ ከሰል በባሕርዩ በደንብ የማይነድ ከሆነ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አይን አያስለቅስም። በሳንባ በኩል ደም ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ይቀመጣል። ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኃይልም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ሰውየው እየተነፈሰ ነው፤ አንጎሉና ልቡ ግን ኦክስጅን አያገኙም።

በአገራችን ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለን፣ ጭሱ አልቆ ቀይ ፍም ሲሆን ወደ ቤት እናስገባዋለን። ይህ ልማድ ዓይንን ከጭስ ያድናል፤ ሕይወትን ግን አያድንም። ፍሙን ጨለማ ውስጥ ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ከላዩ አጠር ያለች ሰማያዊ ነበልባል ትታያለች። እየነደደች ያለችው ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ራሱ ነው። ሳይነድ የቀረው ወደ ክፍሉ ይገባል። ስለዚህ ጭስ የሌለው፣ ደህና የተቀጣጠለ ፍምም ይገድላል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ በሚያጠቃው በደብረ ብርሃንና በሌሎቹ ደጋዎች፣ መስኮት ዘግቶ ከሰል አጠገብ መተኛት የሚያስከትለው ይህንኑ ነው።

የመመረዝ ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ መድከምና ግራ መጋባት ናቸው። ጉንፋን ወይም ረኃብ ይመስላሉ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ በተመሳሳይ ጊዜ የቤቱን ሰው ሁሉ ያማል፣ ወደ ውጭ ሲወጣ ደግሞ ይሻላል። ይህን ካያችሁ ምክንያቱን ለመመርመር አትቆዩ። ሁላችሁም ውጡ፣ ውጭ ሆናችሁ ለአደጋ ጊዜ ጥሪ ደውሉ (አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112)፣ ባለሙያ ሳይፈቅድ አትመለሱ። የተኛ ሰው ምልክቱ አይሰማውም። ለዚህ ነው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ደወል በመኝታ ክፍሎች አጠገብ መኖር ያለበት። በባትሪ የሚሠራ ወይም መጠባበቂያ ባትሪ ያለው ይሁን፤ ግድግዳው ሶኬት ላይ ብቻ የሚሰካው መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

የቱ ማሞቂያ የት ይሆናል?

ቤት ውስጥ ፈጽሞ የማይገቡ፦ የከሰል ማንደጃ፣ ባርቢኪው፣ የካምፕ ምድጃ። የኩሽናው የጋዝ ኦቨን ምግብ ያበስላል እንጂ ቤት አያሞቅም፤ ከፍቶ መሞቅ የተከለከለ ነው። መብራት ስለጠፋ ቡናውን በከሰል ላፍላ የምትሉ እናቶች፣ ደጅ ወይም ሰፊ ክፍት በረንዳ ላይ፣ ከበርና ከመስኮት ራቅ ብላችሁ አፍሉ። የተረፈውን ፍም «ክፍሉን ያሙቅልኝ» ብላችሁ ይዛችሁ አትግቡ።

መኪናም እንዲሁ ነው። ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስቶ መሞቅ ወይም ስልክ መሙላት፣ የጋራዡ በር ተከፍቶም ቢሆን፣ ጋዙን በግድግዳና በበር ክፍተት ወደ ቤት ያስገባል። መኪናውን ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ አውጡት፤ የጭስ ማውጫውም በበረዶ አለመዘጋቱን እዩ።

ጭስ መውጫ ያለው የእንጨት ምድጃ ጥሩ መጠባበቂያ ነው። እንጨቱ ግን ቢያንስ ስድስት ወር የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ እንጨት ሙቀቱን የሚያጠፋው የራሱን ውሃ በማትነን ነው፣ ጭስ መውጫውንም በጥቀርሻ ይደፍነዋል። ያ ጥቀርሻ አንድ ቀን ይቀጣጠላል። ስለዚህ ጭስ መውጫው በዓመት አንድ ጊዜ በባለሙያ ይታይ፤ አመዱም ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውጭ ይቀመጥ፣ ፍም ለቀናት ሳይጠፋ ይቆያልና።

ለቤት ውስጥ የተሠራ የፕሮፔን ወይም የላምባ ሂተር አለ። መመሪያው ላይ ለቤት ውስጥ መሆኑ መጻፉን፣ ኦክስጅን ሲያንስ ራሱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ እንዳለው አረጋግጡ፤ ተከራይ ከሆናችሁ ውላችሁ መፍቀዱንም እዩ። ቅድም ያሸጋችሁት ክፍል እዚህ ላይ ይከፈታል፤ ሂተሩ እየሠራ መስኮት ትንሽ ገርበብ ይበል፣ ስትተኙ ይጥፋ።

መብራት እየመጣ እየሄደ ከሆነ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሂተር ይጠቅማል። በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካ እንጂ በማራዘሚያ ገመድ አይሁን፤ ገመዱ ይግልና ይቀጣጠላል። ከመጋረጃ፣ ከአልጋና ከልብስ አንድ ሜትር ይራቅ።

ጄኔሬተር፦ ርቀትና ሶኬት

የመጀመሪያው ርቀት ነው። ጄኔሬተር ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ወይም 20 ጫማ ርቆ፣ ጭስ ማውጫው ከበርና ከመስኮት ዞሮ ይቀመጣል። ጋራዥ፣ ምድር ቤት፣ የተሸፈነ በረንዳ ሁሉ የተከለከሉ ናቸው። የጎረቤትንም መስኮት አስቡ።

ሁለተኛው ሶኬት ነው። የጄኔሬተሩን ገመድ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰክቶ ቤቱን በሙሉ ለማብራት የሚሞክሩ አሉ። ኃይሉ በቆጣሪው አልፎ ወደ መንገዱ መስመር ይወጣል። እዚያ ያለው ትራንስፎርመር ቮልቱን ወደ ሺዎች ያሳድገዋል። መብራታችሁን ለመመለስ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ «መስመሩ ሞቷል» ብሎ ሲነካው ይገደላል። ቤቱን ከመስመሩ የሚለይ ማብሪያ በፈቃድ ባለሙያ ይተከል፤ ካልሆነም ዕቃዎቹን በወፍራም የውጭ ገመድ በቀጥታ ከጄኔሬተሩ ጋር አገናኙ።

ቤንዚን የምትጨምሩት ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። የተቀመጠ ቤንዚን ከጥቂት ወራት በኋላ ይበላሻል፤ እየቀያየራችሁ ያዙ። በወር አንድ ጊዜም ሞተሩን አስነሱት፤ ዓመት ሙሉ ያልተነሳ ጄኔሬተር በዚያች ሌሊት የመነሳቱ ነገር አጠራጣሪ ነው።

ባትሪ ምን ይችላል፣ ምን አይችልም?

ገበያ ላይ ያሉ ትልልቅ ተንቀሳቃሽ ባትሪዎች ጭስ የላቸውምና ቤት ውስጥ መጠቀም ይቻላል። አቅማቸውን ግን አስሉ። 1,000 ዋት-ሰዓት የሚል ባትሪ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ 850 ያህል ይሰጣል። ይህን ለዕቃው ዋት ብታካፍሉት የሚሠራበት ሰዓት ይወጣል፦

- 1,500 ዋት የኤሌክትሪክ ሂተር፦ ወደ 34 ደቂቃ።
- 100 ዋት የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ፦ ከ8 ሰዓት በላይ፣ አንድ ሙሉ ሌሊት።
- 10 ዋት አምፖል፦ 85 ሰዓት።
- በአንድ ሙሌት 15 ዋት-ሰዓት የሚወስድ ስልክ፦ ከ50 ጊዜ በላይ።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ ቀላል ነው፤ በባትሪ ሰውን አሙቁ እንጂ ክፍሉን አታሙቁ። ባትሪ ለብርሃን፣ ለስልክ፣ ለመድኃኒት ፍሪጅና ለሕክምና መሣሪያ ነው። ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ ኦክስጅን የሚያገኝ ሕመምተኛ ካለ የመሣሪያውን ዋት አሁኑኑ አንብቡ፤ ብዙዎቹ 300 ዋት ገደማ ስለሚወስዱ ይህ ባትሪ ሦስት ሰዓት እንኳ አያቆያቸውም። መጠባበቂያ ሲሊንደርና የምትሄዱበት ቦታ አስቀድሞ ይታወቅ።

ቧንቧና ምግብ

በቴክሳስ ቧንቧ በየቤቱ ፈንድቶ፣ ከ14 ሚሊዮን በላይ ሰው የውሃ ችግር ገጥሞት ነበር። ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፤ ቧንቧውን የሚሰነጥቀው እሱ ነው። የውጭ ግድግዳ ላይ ያሉ ቧንቧዎች በቀጭኑ ይንጠባጠቡ፤ የእቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ቁም ሣጥን ክፍት ይደር። ዋናው የውሃ መዝጊያ የት እንዳለ የቤቱ አዋቂ ሁሉ ይወቅ። የሚጠጣ ውሃም አስቀድማችሁ በጀሪካን ሙሉ።

ያልተከፈተ ፍሪጅ ምግብን 4 ሰዓት ያህል ያቆያል፤ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ በግማሽ የሞላ 24 ሰዓት።

ለሕፃንና ለአዛውንት

የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አደጋ ነው። ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ግራ ይጋባል፣ እንቅልፍ ይጫነዋል። መንቀጥቀጡ ድንገት ቢቆም ተሻለው አትበሉ፤ እየባሰበት ሊሆን ይችላል። ሕፃን አይንቀጠቀጥም ይሆናል፤ ቆዳው ቀልቶ ሲቀዘቅዝና ሰውነቱ ሲዝል እወቁበት። እርዳታ ጥሩ፤ እስኪደርስ እርጥብ ልብሱን አውልቁ፣ ደረቱንና አንገቱን አስቀድማችሁ አሙቁ፣ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ሞቅ ያለ ጣፋጭ ነገር ስጡት። አረቄ አትስጡ። አረቄ የሚያሞቅ የሚመስለው ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው ነው፤ ያ ደም ግን ሙቀቱን ለብርዱ አስረክቦ ይመለሳል።

እናቶቻችንና አባቶቻችን ብዙዎቹ የአደጋ ማስጠንቀቂያው በስልካቸው ሲመጣ ማንበብ አይችሉም። በሂተሩ ላይ «ለውጭ ብቻ» ተብሎ በእንግሊዝኛ የተጻፈውንም አያነቡትም። ይህ የልጆችና የጎረቤት ኃላፊነት ነው። ዕድሮች፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎችን ስልክ ዘርዝረው ይያዙ፤ ብርድ ሲነገር ማን ለማን እንደሚደውል አስቀድሞ ይደልደል።

በዚህ ሳምንት የሚሠራ

ሦስት ነገር አድርጉ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወላችሁን የመሞከሪያ ቁልፍ ተጭናችሁ አስጩሁት፤ ከሌላችሁ ግዙ። ቤተሰቡ የሚሰበሰብበትን ክፍል ምረጡና ብርድ ልብሱን፣ ባትሪውን፣ ውሃውን እዚያው አዘጋጁ። ከዚያም የቤቱን ሰው ሁሉ፣ አያትና ልጅ ሳይቀር፣ አስቀምጣችሁ «ክፍሉ ሲታሸግ እሳት አይገባም» የሚለውን ምክንያቱን እያስረዳችሁ በአማርኛ ንገሯቸው። መብራት በጠፋበት ሌሊት፣ ልጅ በብርድ እያለቀሰ፣ ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ማብራሪያ አያነብም፤ ያን ጊዜ የሚያድነው አስቀድሞ የታወቀው ነው።